ብሉ ዳኑብ ዋልትዝ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ቫዮሊን እንደምጫወት የሰማ ሰው ቶሎ ብሎ የሚያነሳብኝ አንድ ሙዚቃ አለ፣ ያ «ላ ላ ላ ላ ላም... ፒም ፒም፣ ፒም ፒም» የሚለው። ስሙን የማያውቀው ሰው ራሱ ዜማውን ያውቀዋል። ጥያቄዎቹ ሁሌ ስለሚደጋገሙ ሰብስቤ መልስ ልስጥባቸው ብዬ ነው። አመተ ምህረቱ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው፣ እንዳታምታቱት።

ትክክለኛ ስሙ ምንድነው? የማንስ ነው?

በጀርመንኛ «አን ዴር ሾነን ብላውን ዶናው» ነው የሚባለው፣ በኛ ብንመልሰው «በውቡ ሰማያዊ ዳኑብ ዳር» እንደማለት ነው፣ ዳኑብ ወንዙ ነው። ሰሪው ዮሃን ስትራውስ ነው፣ የኦስትሪያዋ ቪየና ልጅ፣ 1825 ተወልዶ 1899 የሞተ። በስራዎቹ ዝርዝር ላይ ኦፐስ (የስራ ቁጥር) 314 ነው፣ ማለትም ከዚህ በፊት ሶስት መቶ ምናምን ስራ አሳትሞ ነበር፣ አብዛኛው የዳንስ ሙዚቃ። ይሄን ልብ በሉት፣ ሰውዬው ቁጭ ብሎ አንድ ታላቅ ስራ ልጻፍ ያለ ሰው አይደለም፣ በየአመቱ የጭፈራ ሰሞን ሲመጣ ለቪየና አዳራሾች አዳዲስ ዋልትዝና ፖልካ የሚያቀርብ ባለሙያ ነው፣ ልክ ለሰርግ ሰሞን አዲስ ዘፈን እንደሚጠበቅበት ዘፋኝ።

ስትራውስ ስንት ናቸው? እኔ ተምታቶብኛል

ብዙ ናቸው። አባትየውም ዮሃን ስትራውስ ነው (1804 እስከ 1849)፣ እሱ ነው ያንን ሰው እያጨበጨበ የሚሰማውን ራዴትስኪ ማርሽ የሰራው። ልጅየው ዮሃን የብሉ ዳኑቡ ነው። ወንድሞቹ ዮሴፍና ኤድዋርድም ሙዚቀኞች ነበሩ፣ ዮሴፍማ በጣም የምወደው ሰው ነው ግን እሱን ሌላ ቀን። ሪቻርድ ስትራውስ የሚባለው ደሞ ጭራሽ ዘመዳቸው አይደለም፣ ጀርመናዊ ነው።

አባትየው ልጁ ሙዚቀኛ እንዲሆን አልፈለገም፣ ባንክ ቤት እንዲሰራለት ነበር ሀሳቡ። ልጁ ግን ተደብቆ ቫዮሊን ተማረ፣ እናትየው አና ደገፈችው፣ አባትየው ቤቱን ጥሎ ከሌላ ሴት ጋር መኖር ሲጀምር ደሞ ነገሩ በግልጽ ሆነ። በ1844 ኦክቶበር፣ 19 አመት ሊሞላው ትንሽ ቀናት ሲቀሩት፣ ሂትሲንግ በሚባለው ሰፈር ዶማየር የሚባል ቤት ውስጥ የራሱን ኦርኬስትራ ይዞ ወጣ። አባትና ልጅ በአንድ ከተማ ባለ ሁለት ኦርኬስትራ ተፎካካሪ ሆኑ ማለት ነው። አባትየው 1849 ሲሞት ልጁ ሁለቱን አንድ ላይ አደረጋቸው።

መጀመሪያ ግጥም ነበረው የሚሉት እውነት ነው?

እውነት ነው፣ ብዙ ሰው ግን ይገርመዋል። ሙዚቃው መጀመሪያ የተዘጋጀው ለወንዶች መዘምራን ነው፣ የቪየና የወንዶች የመዝሙር ማህበር ለካርኒቫል ዝግጅቱ ከስትራውስ የጠየቀው ስራ ነበር። ግጥሙን የጻፈው ዮሴፍ ቫይል የሚባል የማህበሩ አባል ነው።

እዚህ ጋር ጊዜውን ማወቅ ያስፈልጋል። በጁላይ 1866 ኦስትሪያ ኬኒግሬትስ ላይ በፕሩሲያ ክፉኛ ተሸንፋለች፣ የሞተው ብዙ ነው፣ ኢኮኖሚው ወድቋል፣ ከተማው ሀዘን ላይ ነው፣ በተከተለው የብርድ ወራት ሰው ጭፈራ የሚያምረው አልነበረም። የቫይል ግጥም እንግዲህ በዚህ መሃል «ቪየናዎች ደስ ይበላችሁ!» ብሎ ይጀምርና «እንዴ፣ ለምን ሲባል?» የሚል መልስ ይሰጠዋል። በሀዘን መሃል ፈገግ ለማለት የተጻፈ ግጥም ነው፣ ስለ ወንዙ ምንም አይልም። ስለ ዳኑብ የሚያወራው የዛሬው ግጥም በኋላ በ1890 ፍራንትስ ፎን ገርነርት የጻፈው ነው።

እኔ ይሄን ታሪክ ካወቅኩ ወዲህ ሙዚቃውን የምሰማበት ጆሮ ተቀይሯል። ብዙ ሰው የሀብታምና የቤተ መንግስት ሙዚቃ አድርጎ ነው የሚያየው፣ የተሸነፈ ከተማ ሙዚቃ መሆኑን ግን የሚያነሳው የለም።

ሲጀመር ከሽፎ ነበር ይባላል፣ እውነት ነው?

ከሽፎ ነበር ማለት ያስቸግራል። በፌብሩዋሪ 15 ቀን 1867 ዲያና ባድ በሚባል አዳራሽ ነው መጀመሪያ የቀረበው (አዳራሹ የመዋኛ ቤት ነው፣ በብርድ ወራት ገንዳውን በወለል ሸፍነው ይጨፍሩበታል)። ዘማሪዎቹን የመራው ሩዶልፍ ቫይንቩርም ነው፣ ሙዚቃውን ያጀበው የወታደር ባንድ ነው፣ ስትራውስ ራሱ በዛ ምሽት ቤተ መንግስት ውስጥ ሌላ ዝግጅት ስለነበረበት ቦታው ላይ አልነበረም። ህዝቡ ወዶታል፣ ጋዜጦቹም ጥሩ ነው የጻፉት፣ ግን አንዴ ብቻ ነው ያስደገመው፣ በዛ ዘመን የስትራውስ ዋልትዝ ደጋግሞ ካልተደገመ እንደ ትልቅ ነገር አይቆጠርም። «ከሸፈ» የሚለው ወሬ የመጣው ከዚህ ይመስለኛል።

ያለ ዘማሪ፣ በኦርኬስትራ ብቻ፣ ማርች 10 ቪየና ፎልክስጋርተን በሚባለው መናፈሻ ተጫወቱት። ነገሩ የፈነዳው ግን በዛው አመት ፓሪስ ላይ ነው፣ የአለም ኤግዚቢሽን ነበረና ስትራውስ እዛ ሄዶ አቀረበው፣ ከዛ ለንደን፣ ከዛ ወዲህ የማይጫወተው ቦታ ጠፋ። በ1872 ቦስተን ድረስ ተጠርቶ ሄዷል፣ ያውም ባህር መሻገር የሚፈራ ሰው፣ በሺ የሚቆጠሩ ዘማሪዎችና ተጫዋቾች ባሉበት ግዙፍ አዳራሽ ረዳት መሪዎች ተደርድረውለት መራው። መድፍ ተተኩሶ ነው የተጀመረው ብሎ በኋላ ራሱ አውርቷል።

መጀመሪያው ላይ ለምን ዳንስ አይመስልም? ዩቲዩብ ላይ ከፍቼ ሌላ ሙዚቃ መስሎኝ ዘጋሁት

ይሄን ጥያቄ በጣም እወደዋለሁ። ብሉ ዳኑብ አንድ ዋልትዝ አይደለም፣ አምስት ዋልትዞች በሰንሰለት የተያያዙበት ነው፣ ከፊት መግቢያ ከኋላ ደሞ መዝጊያ አለው፣ ሙሉው 10 ደቂቃ ገደማ ነው።

መግቢያው በ6/8 ነው የተጻፈው። ቫዮሊኖቹ ቀስታቸውን በጣም ትንሽ ትንሹን እያንቀጠቀጡ እንደ ጎህ ጭጋግ የሆነ ድምጽ ያወጣሉ፣ ከስር ሆርን ይመጣና የዋናውን ዜማ የመጀመሪያዎቹን ድምጾች ብቻ፣ ሶስት አራቷን፣ ቀስ አድርጎ ይጠራል። ገና ሙሉውን አልሰጣችሁም፣ ጠቆም ነው ያደረገው። ከዛ ኦርኬስትራው ይነሳል፣ ይጮሃል፣ ደግሞ ዝም ይላል፣ ከዛ ነው ባሱ «አንድ» ብሎ የሚመታው። ይሄ ሁሉ ለዳንስ አዳራሹ ስራ አለው፦ ወንዱ ሴቷን ለመጠየቅ፣ እጅ ለእጅ ተያይዞ መሃል ለመውጣት፣ ቦታ ለመያዝ ጊዜ ይፈልጋል። መግቢያውን ቆርጠው የሚለጥፉ ቪዲዮዎች ለኔ ቡናውን ሳይቆሉ ጀበና እንደመጣድ ናቸው፣ ሽታው የለም።

ከዛ አምስቱ ዋልትዞች ይከተላሉ፣ እያንዳንዳቸው ሁለት ክፍል አላቸው። አንደኛው የሁላችንም ዜማ ነው፣ በዲ ሜጀር ቁልፍ (ዜማው የሚቆምበት የድምጽ መሰረት)፣ ቼሎና ሆርን ዜማውን ይዘው፣ ሀርፕ እየነካካ፣ ከላይ ደሞ «ፒም ፒም» የሚለው ምላሽ። ሁለተኛው ዝቅ ብሎ ይገባና መሃሉ ላይ ድንገት ወደ ሌላ ቁልፍ ይንሸራተታል፣ እዛች ቦታ ሁሌ ጸጉሬ ይቆማል። ሶስተኛው በጂ ሜጀር ቆፍጠን ያለ፣ አራተኛው በኤፍ ሜጀር ፍቅር ፍቅር የሚል፣ አምስተኛው ክላርኔት ይዞት የሚመጣ ቀስ ያለ ዜማ ሆኖ ሁለተኛ ክፍሉ ላይ በሲምባል የታጀበ የሙዚቃው ጫፍ ይሆናል።

የቪየና ዋልትዝ አመታት ይለያል ሲባል ምን ማለት ነው?

ኖታው ላይ 3/4 ነው፣ አንድ ሁለት ሶስት፣ እኩል እኩል። ቪየናዎች ግን እንደዛ አይጫወቱትም። ሁለተኛዋን ምት ከቦታዋ ትንሽ ያስቀድሟታል፣ በጣም ትንሽ፣ ከዛ ሶስተኛዋ በጊዜዋ ትመጣለች፣ በመሃል ትንሽ አየር ይቀራል። «ኡም-ፓ-ፓ» ሳይሆን «ኡምፓ... ፓ» እንደማለት። ተረከዝ ላይ ወደፊት ዘንበል ሲባል ያለው ስሜት ነው፣ ሊወድቅ ሲል የሚይዘው አይነት። በመለኪያ አይጻፍም፣ ፍጥነቱ ሲቀየር መጠኑም ይቀየራል፣ ሲበዛ ያስጠላል።

እኔ የምጫወተው ሁለተኛ ቫዮሊን ነው፣ ስለዚህ እቺ «ፓ... ፓ» የኔ ስራ ናት። በዋልትዝ ውስጥ ባሱ «አንድ»ን ይመታል፣ ሁለተኛ ቫዮሊንና ቪዮላ «ሁለት፣ ሶስት»ን ይመታሉ፣ ለ10 ደቂቃ አብዛኛውን ጊዜ ዜማ የሚባል አይደርሰንም። መጀመሪያ ሰሞን ከፍቶኝ ነበር፣ ሌሎቹ ያን የመሰለ ዜማ ሲዘፍኑ እኔ ሁለት ኖታ ስደጋግም። በኋላ አንድ ልምምድ ላይ መሪያችን ዜማ ያላቸውን በሙሉ ዝም አሰኝቶ እኛን ብቻ አስጫወተን፣ ባስ፣ ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ቪዮላ። አዳራሹ ውስጥ ማንም ዜማውን ሳይጫወት ሁሉም ሰው ግን ዜማውን እየሰማው ነበር፣ ከኋላ የተቀመጡት መወዛወዝ ጀመሩ። ያኔ ነው የገባኝ፣ ሰውን ከወንበሩ የሚያስነሳው ዜማው አይደለም፣ ከስር ያለው ነው። እባካችሁ አንዴ ከስር ያሉትን ብቻ እየተከተላችሁ ስሙት።

ከኛ ችክችካ ጋር ይመሳሰላል እንዴ?

ዝምድና የላቸውም። ግን ሁለቱም በሶስት የሚከፈል ምት አላቸው፣ ችክችካው በ6/8 ይሄድና ሁለት ትልልቅ ምቶች ይሰጣል፣ ዋልትዙ በየሶስቱ አንድ ከባድ «አንድ» ይሰጣል። በችክችካ ያደገ ጆሮ በሶስት መቁጠር አይከብደውም፣ አስቸጋሪው እግሩ ነው፣ እኛ ደስታችንን ትከሻ ላይ ነው የምናወጣው፣ በዋልትዝ ትከሻው ጸጥ ብሎ እግሩ ነው የሚሰራው።

ዳኑብ በእርግጥ ሰማያዊ ነው?

ቪየና ላይ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ወይም ቡናማ ነገር ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ቀን ካልሆነ በቀር። «ሰማያዊ ዳኑብ» የሚለው አባባል ካርል ቤክ ከሚባል ገጣሚ ስንኝ የመጣ ነው ይባላል። ወንዙ 2,850 ኪሎሜትር ገደማ ነው፣ ከጀርመን ተነስቶ 10 አገር ነክቶ ጥቁር ባህር ይገባል። የወንዝ ቀለም ደሞ እንደ ጠሪው ነው፣ ፈረንጅ «ሰማያዊ» የሚለውን የኛን ወንዝ እኛ ጥቁር አባይ አይደል የምንለው።

ለምንድነው በፈረንጆች አዲስ አመት ሁሌ የሚጫወተው?

ሁለት ነገር አለ። አንደኛው እኩለ ሌሊት ላይ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል ትልቁ ደወል ፑመሪን ይደወልና የኦስትሪያ ራዲዮና ቴሌቪዥን ወዲያው ብሉ ዳኑብን ይለቃል፣ ሰዉ መንገድ ላይ፣ በረዶ ላይ፣ ሳሎን ውስጥ ተያይዞ ይሽከረከራል። ሁለተኛው በማግስቱ ጠዋት የቪየና ፊልሃርሞኒክ ሙዚክፌራይን ወርቃማው አዳራሽ ውስጥ የሚያቀርበው ኮንሰርት ነው፣ በቲቪ በብዙ አገር ይተላለፋል። እዛ ብሉ ዳኑብ መጨረሻ አካባቢ ነው የሚመጣው። ቫዮሊኖቹ ማንቀጥቀጥ ሲጀምሩ ህዝቡ አውቆ በጭብጨባ ያቋርጣቸዋል፣ መሪው ዞሮ ከተጫዋቾቹ ጋር እንኳን አደረሳችሁ ይላል፣ ከዛ እንደገና ከመጀመሪያው። በስተመጨረሻ የአባትየው ራዴትስኪ ማርሽ።

የኮንሰርቱ አጀማመር ግን ጥሩ ታሪክ አይደለም፣ ዝም ብሎ ማለፍም ልክ አይመስለኝም። የመጀመሪያው የቀረበው ዲሴምበር 31 ቀን 1939 ነው፣ ኦስትሪያ በናዚዎች ስር እያለች፣ ክሌመንስ ክራውስ መርቶት። ናዚዎቹ የስትራውስን ሙዚቃ ለራሳቸው ፕሮፓጋንዳ ፈልገውታል፣ ችግሩ የስትራውስ ቤተሰብ የዘር ሀረግ ውስጥ አይሁዳዊ ቅድመ አያት መኖሩ ነው፣ ስለዚህ የካቴድራሉን የጋብቻ መዝገብ ወስደው አጭበረበሩት፣ ያ ስም እንዳይታይ። ሙዚቃውን ለመውደድ ሰውየውን መዋሸት ነበረባቸው ማለት ነው። በ1945 ጸደይ ደሞ ኦስትሪያ እንደገና ነጻ አገር ነኝ ስትል የራሷ መዝሙር ስላልነበራት ብሉ ዳኑብ ነው የተሰማው። አንድ ሙዚቃ በስድስት አመት ውስጥ ይሄን ሁሉ አየ።

ከህዋ ጋር ምን አገናኘው?

የፊልም ዳይሬክተሩ ስታንሊ ኩብሪክ በ1968 «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» በሚለው ፊልሙ ላይ የህዋ ጣቢያዋ ቀስ ብላ ስትሽከረከር ከስር ያስገባው ይሄን ነው፣ የኦርኬስትራ መሪው ካራያንና የበርሊን ፊልሃርሞኒክ ቅጂ። ከዛ ወዲህ ሰው ህዋ ሲያስብ ይሄ ዜማ ይመጣበታል። በ1977 ግን ቮየጀር መንኮራኩሮች ላይ በተጫነው የወርቅ ዲስክ ውስጥ ባክ፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን ሲገቡ ስትራውስ አልገባም። በሜይ 31 ቀን 2025፣ በተወለደበት 200ኛ አመት፣ የቪየና ሲምፎኒ ኦርኬስትራ ሲጫወተው የአውሮፓ ህዋ ኤጀንሲ ስፔን ካለው አንቴናው ወደ ቮየጀር 1 አቅጣጫ በራዲዮ ሞገድ ላከው። መንኮራኩሯ በጣም ሩቅ ስለሆነች በብርሃን ፍጥነት ራሱ ወደ 23 ሰአት ነው የፈጀበት።

ለሰርጋችን የመጀመሪያ ዳንስ ልናደርገው ነው፣ ይሆናል?

ይሆናል፣ ግን ተዘጋጁ። የዳንስ ትምህርት ቤት «ዋልትዝ» ብሎ ያስተማራችሁ ዝግተኛውን ከሆነ ይሄ እጥፍ ነው ፍጥነቱ፣ በደቂቃ ወደ 180 ምት፣ ዝግተኛው ወደ 90 ነው። በትልቅ ቀሚስ ላይ ብዙ ልምምድ ይፈልጋል። መግቢያው ዳንስ ስለሌለው ወይ ገብታችሁ ቆማችሁ እጅ ለመንሳት ተጠቀሙበት (እኔ ይሄን እመርጣለሁ)፣ ወይ ዲጄውን ከአንደኛው ዋልትዝ ጀምርልን በሉት። አንደኛው ዋልትዝ ሲጀምር ፍጥነቱን ቶሎ አይዝም፣ ያመነታል፣ ስለዚህ እናንተም እየተወዛወዛችሁ ጠብቁት፣ ወዲያው አትሽከርከሩ። አንደኛውና ሁለተኛው ለሰርግ ይበቃል።

የቪየና ትልልቅ የጭፈራ ድግሶች («ባል» የሚሏቸው) ላይ ነጭ የለበሱት ልጃገረዶችና ፍራክ (ከኋላ ጅራት ያለው ኮት) የለበሱት ወንዶች ወደ ግራ እየዞሩ ነው የሚከፍቱት፣ ወደ ግራ መዞር ከወደ ቀኝ ይከብዳል። እነሱ ሲጨርሱ «አለስ ቫልትሰር!» ይባላል፣ ሁሉም ይጨፍር ማለት ነው፣ ወለሉ ይሞላል።

ቪዲዮዬ ላይ ብጠቀመው ኮፒራይት ይመታኛል?

ድርሰቱ ነጻ ነው፣ ሰውዬው ከሞተ ከመቶ አመት በላይ ሆኖታል። የተቀዳው ድምጽ ግን የቀዳው ኦርኬስትራና ካምፓኒ ንብረት ነው፣ ዩቲዩብ የሚይዛችሁ በሱ ነው። ነጻ ፈቃድ ያለው ቅጂ ፈልጉ ወይ ሙዚቀኛ ጓደኛችሁ ይጫወትላችሁ።

የትኛውን ቅጂ ልስማ?

ካርሎስ ክላይበር በ1989 አዲስ አመት ኮንሰርት ላይ የመራውን አስቀድሙ፣ እጁን ራሱ ማየት ትምህርት ነው። ከዛ ካራያን 1987፣ ዝግ ያለ፣ የሽማግሌ አነጋገር የመሰለ። ቪሊ ቦስኮቭስኪ ደሞ ከ1955 እስከ 1979 ኮንሰርቱን የመራው ቫዮሊኑን በእጁ ይዞ ነው፣ ስትራውስም እንደዛ ነበር የሚመራው፣ ቀስቱን አንዴ እንደ ዱላ እያወዛወዘ አንዴ ራሱ እየተጫወተ።

መጨረሻው አካባቢ ለምን ሆድ ያባባል?

ኮዳው ነው፣ ቅድም መዝጊያ ያልኩት። የሰማናቸውን ዋልትዞች አንድ በአንድ እየጠራ ይመልሳቸዋል፣ ልክ ድግስ አልቆ እንግዳው ካፖርቱን እየለበሰ ቅድም የተወራውን ደግሞ እንደሚያነሳው፣ ሶስተኛው ብልጭ ይላል፣ ሁለተኛው፣ ከዛ ያ የፍቅሩ አራተኛው። ከዛ የመጀመሪያው ዜማ ይመጣል፣ ሙሉ ሊሆን ነው ስትሉ ይቋረጣል፣ ኦርኬስትራው ቀለል ይላል፣ ዜማው ዝግ ብሎ፣ ተለሳልሶ፣ ልክ መግቢያው ላይ ሆርኑ እንደጠራው ሆኖ ይመለሳል። ብራምስ የሚባለው ሌላው የሙዚቃ ደራሲ፣ የስትራውስ ቤተሰብ ሴት ፊርማውን እንዲያኖርላት ማራገቢያዋን ስትሰጠው የብሉ ዳኑብን የመጀመሪያ ኖታዎች ጻፈበትና ከስሩ «የሚያሳዝነው የዮሃንስ ብራምስ አይደለም» አለበት፣ እኔ ይሄን ቦታ ስንጫወት ነው ሁሌ ትዝ የሚለኝ።

እዛች ቦታ ላይ እኛ ሁለተኛ ቫዮሊኖች «ፓ ፓ»ውን እናቆማለን። ለትንሽ ጊዜ ከስር የሚመታ የለም፣ ወለሉ እንደጠፋ ነው፣ ሰው ትንፋሹን ይይዛል። ከዛ መሪው እጁን ያነሳል፣ ድራሙ ይንከባለላል፣ ሁላችንም አንድ ላይ እንሮጣለን።